ሲስተር ታደለች የበላችው ጉርሻ

ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ መሸበት ከጀመረ በኋላ ነው። ያስተማሩኝ ሰዎች «ማንበብ ብርሃን ነው» ይሉኝ ነበር። ውሸታቸውን ነው። እስካሁን አንብቤ ያተረፍኩት የውኃ ቆጣሪ ቅጣት፣ የቤት ኪራይ ማስጠንቀቂያ፣ ባለፈው ሰሞን ደግሞ የዕድራችን ሰሌዳ ላይ የተለጠፈውን የሲስተር ታደለችን ሞት ነው። ድሮ ቢሆን ሰው እስኪነግረኝ ድረስ ግማሽ ቀን በሰላም እውል ነበር።

ሰሌዳው ፊት ቆሜ ጮክ ብዬ አነበብኩት። እኔ ድምፅ ካላወጣሁ ያነበብኩ አይመስለኝም። ከኋላዬ ሽንኩርት በፌስታል የያዘች ሴትዮ ቆማ ኖሯል።

«የትኛዋ ታደለች?» አለችኝ።

«ነርሷ።»

«አዋላጇ? ያቺ ጯሂዋ?»

«አዎ፣ ጯሂዋ።»

ሽንኩርቷን መሬት አስቀምጣ ማልቀስ ጀመረች። ሲስተር ታደለች እንዲህ ናት፤ ሰው መጀመሪያ ጩኸቷን ያስታውሳል፣ ከዚያ ያለቅሳል።

ሞታለችና «እርሳቸው» ልላት ይገባ ይሆናል። በሕይወት እያለች ግን ከልክላኛለች። «እርስዎ ስትለኝ ልታስከፍለኝ የመጣህ ይመስለኛል፤ አንቺ በለኝ» አለችኝ። ታላቅ እህቴ የምትሆን ሴት ናት፤ እሷ ካለች ምን አገባኝ ብዬ አንቺ አልኳት። አሁንም አልቀይርም።

የምሠራው ሐዋሳ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ውስጥ ባለ ሥጋ ቤት ነው። ሥጋ ቆራጭ ነኝ። ስሜ ደስታ ይባላል። አባቴ ምን አይቶ ይህን ስም እንዳወጣልኝ አላውቅም። ሲስተርም በየቀኑ ትጠይቀኝ ነበር። በሩን ሳትረግጥ ትጀምራለች።

«ደስታ፣ ዛሬስ ማን ሞተብህ?»

«ማንም አልሞተም።»

«ታዲያ ፊትህን ምን ሰቀለው? ሥጋውን ስቀል፣ ፊትህን አውርድ።»

ከጤና ጣቢያ ጡረታ የወጣች አዋላጅ ነርስ ነበረች። ቤቷ ከሥጋ ቤታችን ጀርባ ነው። ባሏ ቀድሟታል፣ ልጆቿ በየከተማው ተበትነዋል፣ አብሯት የሚኖረው ሻምበል የሚባል ወፍራም ግራጫ ድመት ብቻ ነበር። አጭር ናት። በጋም ክረምትም ጃንጥላ ከእጇ አይጠፋም፤ ጃንጥላው ለዝናብ አልነበረም፣ ሰው ለመጠቆሚያ ነበር። ባጃጅ ላይ ተቀምጣ እርጉዝ ካየች ሹፌሩን ትከሻውን በጃንጥላ ነካ አድርጋ ታስቆመውና መንገድ ላይ ምርመራ ትጀምራለች። «ስንተኛ ወርሽ ነው? ክትትል ጀመርሽ? እግርሽ እንዲህ ያበጠው ከመቼ ወዲህ ነው?» አንድ ቀን የጠየቀቻት ሴት ጨርሶ ያላረገዘች ወፍራም ሴት ሆና ተገኘች። ሌላ ሰው ቢሆን መሬት ተከፍታ ብትውጠው ይመርጣል። ሲስተር ግን፣ «እንግዲያው ስታረግዢ እንዳትረሺኝ» ብላ ባጃጁን «ሂድ» አለችው።

ደግሞ ጥሬ ሥጋ አፏ ገብቶ አያውቅም። የሶዶ ልጅ፣ ቁርጥ በሚያቃጥል ዳጣ እየበሉ ከሚያድጉበት አገር የመጣች ሴት፣ ጥብሷን የምታዘው የጫማ ሶል እስኪመስል ነው። «ቀይ ነገር እንዳላይበት» ትላለች። እኔም ምርጡን ሽንጥ ቆርጬ ሰጥቻት ከጓዳ ከሰል ሆኖ ሲመጣ ሆዴ ያር ነበር። «ይህን በሬ ሁለቴ ገደልሽው» እላታለሁ። «አንተ ደግሞ አንዴም በቅጡ አልገደልከው» ትለኛለች።

ጠባችን የጀመረው ግን በሌላ ነገር ነው።

እኔ ለሰው ቸር አይደለሁም። ሚዛን አላጭበረብርም፣ ምርቃትም አልሰጥም። ለእርጉዝ ግን ሕግ አለኝ። የኔ ሕግ አይደለም፤ ያሠለጠነኝ ሰውዬ ያስተማረኝ ነው፣ እሱንም ያሠለጠነው እንዲሁ። እርጉዝ ሴት በበር ስታልፍ ዓይኗ ከተሰቀለው ሥጋ ላይ ካረፈ፣ ከሻኛው አጠገብ ስስ አድርጎ ቆርጦ መስጠት ነው። በነፃ። ያማራትን ካጣች ልጁ ላይ ምልክት ይወጣል፤ ጉንጩ ላይ ወይ ግንባሩ ላይ ቀይ ነገር ይዞ ይወለዳል። ሳይንስ ይህን አያውቅም ይሉኛል። አያውቅ ይሆናል። ምልክት ያለበት ልጅ ግን እኔ አይቻለሁ።

አንድ ቀን እንዲሁ ለአንዲት አላፊ ሴት ቆርጬ ሰጠሁ። ሴትዮዋ ወደ አፏ ስታስጠጋ፣ ጃንጥላ ከየት እንደመጣ ሳላውቅ በሥጋውና በአፏ መሃል ገባ።

«ምን ሰጠሃት?» አለች ሲስተር።

«ያማራትን።»

«ያማራት ሽታው ነው። ሽታውን ደግሞ እሳት ያበዛዋል እንጂ አይቀንሰውም። አምጪው የኔ ልጅ።»

ቁራጩን ከሴትዮዋ እጅ ወስዳ ጓዳ ገባች። ጠብሳ፣ በቁራሽ እንጀራ ጠቅልላ መለሰችላት። ሴትዮዋ በልታ፣ መርቃን ሄደች።

«ይኸው፣ አምሮቷም ወጣላት፣ ልጁም ዳነ» አለችኝ።

«ምልክት ቢወጣበትስ?»

«ከወጣበት ደስታ ብለው ይሰይሙት።»

ከዚያ ቁጭ ብላ ነገሩን አስረዳችኝ። ጩኸቷን ቀንሳ ያነጋገረችኝ ያኔ ነው መሰለኝ። በጥሬ ሥጋ ውስጥ በዓይን የማይታይ ጥገኛ ነፍስ አለ፤ ቶክሶ ይሉታል አለች። ትልቅ ሰው ቢበላው አንዳንዱ ትንሽ ያተኩሰዋል፣ ብዙው ጭራሽ አይሰማውም። እርጉዝ ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ ካገኛት ግን በእንግዴ ልጁ አልፎ ወደ ፅንሱ ይገባል። አንዳንዱ ፅንስ ይወርዳል። አንዳንዱ ጭንቅላቱ ውኃ ይዞ ይወለዳል። አንዳንዱ ደግሞ ደህና መስሎ ተወልዶ፣ ከዓመታት በኋላ የዓይኑ ብርሃን ይጠፋል።

«ሁሉም ላይ?» አልኳት።

«ሁሉም ላይ አይደለም።»

«ታዲያ ስንቱ ላይ ነው?»

«ደስታ፣ አንተ ሎተሪ ስትቆርጥ የሚደርሰኝ ስንቱ ነው ብለህ ትጠይቃለህ? ይህ ሎተሪ የሚቆረጠው በልጅ ዓይን ነው።»

አላመንኳትም። አልካድኳትምም። ቢላዬን መሞረድ ቀጠልኩ።

እሷ ግን ነገር ከጀመረች አትተውም። አንድ እሑድ ዕድራችን ተሰብስቦ ሳለ ተነስታ ስለዚሁ ቶክሶ አስተማረች። ጥሩ አድርጋ አስተማረች፤ እኔ ነበርኩ። በሽታው በሁለት መንገድ ይመጣል አለች፦ አንደኛው ጥሬ ሥጋ ነው፣ ሁለተኛው ድመት የተጸዳዳችበት አፈር ነው። ስለ ሥጋው ብዙ፣ ስለ ድመቷ ትንሽ ተናገረች። ሰው «እግዜር ይስጥልን» ብሎ ተበተነ።

የሰፈራችን ወንዶች ከሁለቱ መንገድ የቱን ሰሙ? ድመቷን። ጥሬ ሥጋ የምትለዋ ቃል የአንዳቸውም ጆሮ ውስጥ አልገባችም። ሳምንት ሳይሞላ የሰፈሩን ድመት በሙሉ በማዳበሪያ ከረጢት አስገብተው፣ በባጃጅ ጭነው ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ቱላ ወስደው ለቀቋቸው። ከዚያ እጃቸውን ታጥበው ሥጋ ቤታችን መጥተው ቁርጥ አዘዙ። «እርጉዞቻችንን አዳንን» እያሉ በዳጣ እያጠቀሱ በሉ። የቆረጥኩላቸው እኔ ነኝ፤ በደንብ ነበር የበሉት።

ከረጢት ውስጥ ከገቡት አንዱ ሻምበል ነበር።

ሲስተር ስትሰማ አልጮኸችም። ይህ ነው ያስፈራኝ። ጃንጥላዋን ይዛ መጣችና «ሽርጥህን አውልቅ፣ ቱላ እንሄዳለን» አለችኝ።

«እኔ ምን አደረግሁ?»

«ድመቱ የሚያውቀው ሽታ ያንተን ነው። ፍርፋሪ ስትወረውርለት የኖርከው አንተ ነህ።»

ባጃጅ ያዝን። እኔ ያኔ ማንበብ ከጀመርኩ ብዙም አልቆየሁም ነበር፤ እንደ ልማዴ የመንገዱን ታፔላ ሁሉ ጮክ እያልኩ አነባለሁ። ፋርማሲ። የሴቶች ፀጉር ቤት። ጎማ ይጠገናል።

«በሆድህ ማንበብ አይቻልም?» አለች።

«ድምፅ ካላወጣሁ አይገባኝም።»

«እኔ ደግሞ ድመቴን እያሰብኩ ጎማ ይጠገናል አትበለኝ።»

ቱላ ስንደርስ ሻምበልን ያገኘነው አንዲት ሴትዮ ደጅ ላይ ተጋድሞ ነው። ሴትዮዋ ስም አውጥታለት፣ ወተት ሰጥታው፣ አልሰጥም አለች። «ይህ ሁሉ አይጥ ባለበት አገር ድመት አግኝቼ ልመልስ?» ትላለች። ሲስተር በሲዳምኛ ለመነቻት፣ በአማርኛ ቆጣቻት፣ በመጨረሻ ደም ግፊቷን ለካችላት። ቦርሳዋ ውስጥ መለኪያው ይዞራል። ሴትዮዋ ግፊቷ ከፍ ያለ ነበር። ሲስተር ጨው ቀንሺ፣ ጤና ጣቢያ ሂጂ ብላ አስጠንቅቃ ስትጨርስ፣ ድመቱ ታቅፎ ወጣ።

ስንመለስ ሻምበል ጭኔ ላይ ተኝቷል። «ለማስተማር ነበር ያስተማርኩት» አለች ወደ ውጭ እያየች። «እነሱ ግን የሚወዱትን አስቀምጠው የማይወዱትን አባረሩ። ድመቷ እኮ በሽታውን የምታገኘው ወይ ከአይጥ ነው፣ ወይ አንተ ከምትወረውርላት ጥሬ ፍርፋሪ።»

«አንቺስ ከዚህ ድመት ጋር እንዴት ትኖሪያለሽ?»

«እኔ የማረግዝበት ዘመን አልፏል። የሻምበልን አሸዋም በጓንት ነው የምቀይረው። ተስማምተን ነው የምንኖረው።»

አሁን ወደ ምህረት ልምጣ፤ ሲስተር ከሌላው ጯሂ ሰው የተለየችብኝ በምህረት ምክንያት ነው።

ምህረት የሥጋ ቤታችን ካሸር ናት። ባሏ ታሪኩ ባጃጅ ይነዳል። ከዚያ በፊት ሁለቴ አርግዛ ሁለቴም ወርዶባታል። ለምን እንደወረደባት ሐኪም አላወቀም፤ የባሏ ዘመዶች ግን ሐኪም ያላወቀውን ሁሉ ያውቃሉ። «ማህፀኗ አይዝም፣ ሌላ አግባ» የሚሉት ድምፅ ከሶዶ ሐዋሳ ድረስ ይሰማ ነበር። የታሪኩ እናት እማማ ዳመነች በአፋቸው አላሉም። ሲመጡ ግን ሆዷን አይተው ዝም ይላሉ፤ ምህረት ደግሞ ዝምታቸውን ነበር የምትፈራው። ሦስተኛው እርግዝና ቢበላሽ ትዳሯም አብሮ እንደሚሄድ እኛ ሁላችን እናውቅ ነበር።

ሦስተኛው ሲመጣ አምሮት ይዞ መጣ። ምኑ አማራት? ጥሬ ሥጋ። ያደገችው ይርጋለም፣ ሥጋ በዓመት በዓል ብቻ በሚገባበት ቤት ነው፤ ያም ወጥ ሆኖ። ጥሬ ቀምሳ አታውቅም። አሁን ግን ቀኑን ሙሉ ሒሳብ ትቀበላለች፣ ዓይኗ ግን እኔ እጅ ላይ ነው። አንድ ቀን ስቆርጥ እንባዋ መጣ።

«ጋሼ ደስታ፣ ትንሽ ብቻ።»

ቢላዬን አነሳሁ። ሕጌ ነው። ገና ሳልቆርጥ የሲስተር ድምፅ ከበሩ መጣ፦ «እጅህን ሳልቆርጠው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳ ሰዓት ሲሆን ሲስተር ከካሸሯ አጠገብ በርጩማ አምጥታ ትቀመጣለች። ሥጋውን ራሷ ትገዛለች፣ ራሷ ጓዳ ገብታ ትጠብሳለች፣ ምህረት አፍ ላይ ራሷ ታደርሳለች። የጓዳ ሠራተኞቹ ተማረሩ። የሥጋ ቤቱ ባለቤትም «ሲስተር፣ ደመወዝ ልክፈልሽ ወይስ ኪራይ ክፈይኝ?» አላት። «ልጁ ሲወለድ እንተሳሰባለን» አለችው። እኔም ሳሾፍባት «ከእንግዲህ ዘበኛ አያስፈልገንም» እላት ነበር። እሷ ግን ምህረት ስትበላ አፏን እያየች አብራ ታላምጥ ነበር፤ ባዶ አፏን። ይህን ሳይ ቀልዴን ዋጥ አደርጋለሁ።

የደም ምርመራው ያኔ መጣ። ሁለቴ ስለወረደባት ሐኪሙ ቶክሶም አብሮ እንዲታይ አዘዘ። ታሪኩ ይዟት ሄደ። ውጤቱን ሐኪሙ ሲያነብ «ነፃ ናት» አለ፤ ቀጥሎ ሌላ ነገር ሊናገር ነበር። ታሪኩ ግን «ነፃ» የምትለዋን ሲሰማ ጆሮውን ዘጋ። ሐኪሙ ያለውን ሌላውን ምህረት ናት ትንሽ የሰማችው፣ እሷም ከደስታ የተነሳ አልያዘችውም።

ታሪኩ ባጃጁን እያበረረ መጣ። በሩ ላይ ሆኖ «ነፃ ናት!» ሲል እኛም ተነስተን አጨበጨብን። ከዚያ ምን አደረገ? እናቱን ከሶዶ አስጠራ፣ ዘመዶቹን ሰበሰበ፣ ለቅዳሜ የሥጋ ቤታችንን የጓሮ ክፍል ያዘ። ለደስታው ምን አዘዘ? ቁርጥ። ከበሬው ምርጥ ብልት፣ ዳጣ በሁለት ዓይነት። «ነፃ ናትኮ፣ እንግዲህ ያማራትን ትብላ» አለኝ። እውነቱን ልናገር፣ እኔም ትክክል መሰለኝ። የሌለባት በሽታ ምን ያደርጋታል?

ሲስተር ያን ሳምንት ልጇ ጋ ሄዳ አልነበረችም። ቅዳሜ ከመናኸሪያ በቀጥታ መጣች፤ ሻንጣዋንም ጃንጥላዋንም ይዛ። እኔ ሥጋውን በትሪ ወደ ጓሮ ሳወጣ በሩ ላይ አገኘችኝ።

«ምንድን ነው ድግሱ?»

«ምህረት ነፃ ናት ተባለ። ቶክሶ የለባትም።»

«የለባትም? ማለት እስካሁን አላገኛትም?»

«አዎ፣ ነፃ።»

ሻንጣዋን ለቀቀችው። «ደስታ፣ አንተ ሞኝ። ድሮ አግኝቷት ቢሆን ኖሮ ሰውነቷ ያውቀዋል፣ ልጁን ይጠብቀዋል። እኔ የምፈራው ያላገኛትን ነው። ነፃ ማለትኮ ጥበቃ የላትም ማለት ነው።»

ትሪው እጄ ላይ ከበደኝ። ግን የመጀመሪያው ትሪ ቀድሞ ገብቷል።

ስንገባ ቤቱ ሞልቷል። ምህረት መሃል ተቀምጣለች፣ ፊቷ እንደዚያን ቀን በርቶ አላየሁትም። እማማ ዳመነች ከአጠገቧ ተነስተው ቆመዋል። ከዚያ በፊት ምራታቸውን አጉርሰው አያውቁም፤ ይህን ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። አሁን ስስ ቁርጥ በእንጀራ ጠቅልለው፣ ዳጣ አስነክተው፣ እጃቸውን ዘረጉ። ዘመዶቹ አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። ይህ ጉርሻ እርቅ ነው። ይህን ጉርሻ የመለሰች ምራት ሌላ ጉርሻ አታገኝም።

ምህረት ሲስተርን በር ላይ አየቻት። ዓይኗ ተንከራተተ። አፏ ግን ቀስ እያለ ተከፈተ፤ ምን ታድርግ?

እኔ ሲስተር ትጮኻለች ብዬ ጠበቅሁ። ጃንጥላው ሲሰነዘር፣ ትምህርቱ ሲጀመር፣ የእማማ ዳመነች ፊት ሲጠቁር ታየኝ። አልጮኸችም። አጭር ሴት ናት ብያለሁ፤ በሰው ብብት ስር ሾልካ፣ ምህረት ፊት ተደቅና፣ ዓይኗን ጨፍና አፏን እንደ ወፍ ጫጩት ከፈተች።

«እማማ» አለች አፏን እንደከፈተች፣ «ከሩቅ መንገድ መጣሁ። የአገሬን እጅ ናፍቄ።»

እማማ ዳመነች ደነገጡ። እጃቸው አየር ላይ ነው፤ አፍ ከፍቶ የለመነን ሰው አልፎ ሌላውን ማጉረስ ደግሞ ነውር ነው። አጎረሷት።

ሲስተር አላመጠች። በዕድሜዋ የመጀመሪያዋ ነው። ፊቷን እኔ ብቻ ነኝ ያነበብኩት፤ ያለ ድምፅ። ዋጠች። ሰው ሳቀ፣ እማማ ዳመነችም ሳቁ። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» አሉና ሁለተኛውን ጠቀለሉ። ሁለተኛውንም ወሰደች። ሦስተኛው መጣ፤ እንባዋ እየወረደ ሦስተኛውንም ወሰደች። «ዳጣው ነው» አለች። በዚህ መሃል እኔ ከምህረት ፊት ያለውን ሳህን አንስቼ፣ ጓዳ ሮጬ፣ መጥበሻ ላይ ገልብጬ፣ በሸክላ እየጨሰ መለስኩት። ሲስተር ከሸክላው ላይ አንዱን አንስታ ለእማማ ዳመነች እጅ ሰጠቻቸው።

«አሁን ለልጅዎ» አለቻቸው።

እማማ ዳመነች ምራታቸውን በጥብስ አጎረሱ። ቤቱ እልል አለ። ማንም ምንም አላወቀም።

ሰው ሲበተን በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ አፏን በውኃ ትጉመጠመጣለች። «ለምን አልነገርሻቸውም?» አልኳት። «እንደ ሌላ ጊዜሽ ብትጮሂ ምን ነበር?»

«የሴትየዋ እጅ አየር ላይ ነበር ደስታ። እጅ አየር ላይ ሆኖ ትምህርት አይሰጥም። እኔ ብናገር፣ የአማቷን ጉርሻ ናቀች የሚባለው በምህረት ነው።»

«ቆይተሽ ንገሪያቸው።»

«ምን ብዬ? ለመጀመሪያ ጊዜ በፍቅር የዘረጉት እጅ ልጁን ሊጎዳው ነበር ብዬ? ተወው። ልጁ ይወለድ እንጂ።»

ለታሪኩና ለምህረት ግን በማግስቱ አስቀምጣ ነገረቻቸው። ታሪኩ ጭንቅላቱን ይዞ ቀረ። በኋላ ምርመራው ሲደገም አሁንም «ነፃ» ተባለ፤ ታሪኩ ያኔ ለስላሳ ብቻ ገዛ።

ከድግሱ ሦስት ወር ገደማ በኋላ ሲስተር ወደ ሥጋ ቤቱ መጣችና ጎኔ ቆማ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በሹክሹክታ አናገረችኝ።

«ኮሶ ያዘኝ።»

ቢላው ከእጄ ወደቀ። እንደዚያን ቀን ስቄ አላውቅም። ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ስትቆጣበት የኖረችው ነገር በሦስት ጉርሻ ያዛት። «መድኃኒቱን ሂደሽ ግዢ» አልኳት።

«ፋርማሲስቷ የኔ ተማሪ ናት። አላፍርም? አንተ ግዛልኝ።»

ገዛሁላት። ለራሴ ነው ብዬ ገዛሁ። የሰፈሩ ፋርማሲ እስከ ዛሬ ኮሶ ያለብኝ ይመስለዋል፤ ይምሰለው።

ልጅቷ በጊዜዋ ተወለደች፤ ሶስና አሏት። ሲስተር ራሷ ገብታ አየቻት፣ ሐኪምም አየ፣ ዓይኗም ጭንቅላቷም ደህና ነው ተባለ። ጉንጯ ላይ ምንም ምልክት የለም። ይህንን ሲስተር ሕፃኗን እስከ ሥጋ ቤቱ አምጥታ ከመብራቱ ስር እያገላበጠች አሳየችኝ። «ፈልግ» አለችኝ። ፈለግሁ። «አንድ ልጅ ማስረጃ አይሆንም» አልኳት። «ሌላ እስክትወልድ እጠብቅሃለሁ» አለችኝ።

አልጠበቀችም። ልቧ ነው አሉ። ሻምበል ቀድሟት ሞቶ ነበር፤ ደህና አደረገ።

እማማ ዳመነች ግን ከዚያ ድግስ በኋላ ሲስተርን ወደዋት ነበር። ከሶዶ በመጡ ቁጥር ለእሷ ብለው ጥሬ ሥጋ በሙዝ ቅጠል ጠቅልለው ያመጡ ነበር። «እንደምትወደው አውቃለሁ» ይሏታል። እሷም እያመሰገነች ተቀብላ፣ ሲሄዱ ከሰል አድርጋ ትጠብሰዋለች። ሁሌም «አንድ ቀን ላጉርስሽ ቢሉሽስ?» እላት ነበር። «ሲመጡ ሆዴን አመመኝ እላለሁ» ትለኝ ነበር።

ልቅሶዋ ላይ ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። ያዋለደቻቸው ወንድና ሴት፣ ጎልማሳውም ጎረምሳውም። መዝሙሩ ሲያበቃ ንፍሮ ታደለ። እማማ ዳመነች ከሶዶ ሌሊት ተነስተው መጥተው ከኔ ጎን ተቀምጠዋል፤ ምህረት ከወዲያ። ሶስና ምንጣፉ ላይ የወደቀውን ንፍሮ ከሩቅ እያየች፣ አንድ በአንድ እየለቀመች ወደ እናቷ ታመጣለች። አንድም አላመለጣትም።

«ደግ ሰው ነበረች» አሉኝ እማማ ዳመነች፣ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ። «ደግ ነበረች። ግን ልጄ፣ እንደሷ ጥሬ ሥጋ የምትወድ ሴት በዕድሜዬ አላየሁም። የምራቴን ጉርሻ እኮ ሦስቱንም በላችብኝ።»

ምህረት አንገቷን ደፋች።

እኔ ምላሴን ይዤ አላውቅም። ለባለቤቱም፣ ለፓስተሩም፣ ለሚስቴም የመሰለኝን እናገራለሁ፤ ስለዚህም ነው ሰው የሚጠላኝ። አፌ ተከፈተ። እማማ ዳመነች ዓይን ዓይኔን ያዩኛል፤ ሶስና አንዲት ሽምብራ ከጫማዬ ስር አይታ ልታወጣ እግሬን ትገፋለች።

እግሬን አነሳሁላት።

«አዎ እማማ» አልኳቸው። «ጥሬ ሥጋ ነፍሷ ነበር።»